ሌንስና ካሜራ በምን ይመዘናሉ?

አንድ ፎቶ ደብዝዞ ሲወጣ ጥፋተኛውን መለየት ቀላል አይደለም። ሌንሱ ሊሆን ይችላል። ፎከሱ ስቶ፣ እጅ ተንቀጥቅጦ፣ ወይም ሴንሰሩ በጨለማ አቅም አንሶት ሊሆንም ይችላል። ምስሉ ላይ ሁሉም ተደባልቀው ነው የሚመጡት። የካሜራ ዕቃ ምዘና ከ180 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መዛኞች የተደባለቀውን የሚለዩበት አንድ መንገድ ባበጁ ቁጥር፣ መንገዱ ራሱ ሳያይ የሚያልፈው ሌላ ነገር ይገኛል።

ወደ ክርክሩ ከመግባት በፊት አንድ ልዩነት መያዝ ይበጃል። የሌንስን ወይም የቦዲን (የካሜራውን አካል) እንከን መለካት አንድ ነገር ነው፤ እንከኑ ስንት ያስከፍላል ብሎ መፍረድ ሌላ። ለመለካት መሣሪያ ይበቃል። ለመፍረድ ግን ሥራውን፣ ብርሃኑንና የሚነሳውን ሰው ማወቅ ግድ ነው። ብዙው አለመግባባት የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ከቪየና እስከ ዬና

የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶ አነሳስ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጊዜው የነበሩት ሌንሶች የሚያስገቡት ብርሃን ጥቂት ስለነበር የሰው ፊት ማንሳት ጭንቅ ነበር። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል ቪየና ውስጥ አስልቶት የፎክትሌንደር ድርጅት የሠራው ሌንስ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 3.6 ገደማ ነበር። ከቀደሙት ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ስላስገባ የሰውን ፎቶ ማንሳት መተዳደሪያ የሚሆን ሥራ ሆነ። መሐሉ ጥርት ያለ ነው። ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል፣ ከጀርባ ያለው ቅጠልም ሰውየውን የሚዞረው ይመስላል። ምስሉ በትክክል የሚያርፈው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሳይሆን እንደ ጎድጓዳ ሳህን በጎበጠ ገጽ ላይ ስለሆነ ነው።

ለሕንፃ ወይም ለሰነድ ፎቶ እንዲህ ያለ ሌንስ አይሆንም። ለጉርድ ፎቶ ግን ፊቱ መሐል ስለሚቀመጥ ዳሩ ቢደበዝዝ ማንም አይከፋውም። በ2013 ሎሞግራፊ የተባለው ድርጅት ይህንኑ ሌንስ ከሩሲያው የዜኒት ፋብሪካ ጋር ዳግም ሠርቶ ሲያወጣ ገዢዎች የተሻሙት ለዚያ ለሚሽከረከር ጀርባው ነበር። የአንድ ዘመን እንከን በሌላው ዘመን ዋና መሸጫ ሆነ።

እንከኖቹን በስም ለይቶ ማስቀመጥ የተጀመረው በ1850ዎቹ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዛይድል አምስት አድርጎ በሒሳብ ለያቸው። በሌንሱ ጠርዝና በመሐሉ የገባ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አለመገናኘቱ አንዱ ነው። ጥግ ላይ ያለች የብርሃን ነጥብ እንደ ጅራታም ኮከብ ጭራ ታወጣለች፤ ወደ መሐል የሚያመራ መስመርና እሱን የሚያቋርጠው መስመር በተለያየ ርቀት ፎከስ ይሆናሉ፤ የምስሉ ገጽ ይጎብጣል፤ ቀጥ ያለው ይቆለመማል። ቀለማት ተነጣጥለው ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ሆነው መታየታቸው ከእነዚህ ውጭ ለብቻው ይቆጠራል። የሌንስ ቀማሪ ሥራ እነዚህን ማቻቻል ነው፤ አንዱን ሲጫነው ሌላው ብቅ ይላል።

በ1884 ዬና ከተማ ውስጥ እነ ኦቶ ሾት፣ ኤርንስት አቤና ካርል ዛይስ ያቋቋሙት የመስታወት ፋብሪካ ለቀማሪዎች ከዚያ በፊት ያልነበሩ የመስታወት ዓይነቶችን አቀረበ። የዛይሱ ፓውል ሩዶልፍ በ1896 ፕላናር፣ በ1902 ደግሞ ቴሳር የተባሉትን ሌንሶች ሠራ። የሁለቱ ዕጣ ለምዘና ታሪክ ትልቅ ነገር ይናገራል። ፕላናር በስሌት የተዋጣለት ነበር፤ ግን ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር የሚሻገርባቸው ስምንት ገጾች ነበሩት። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ስምንቱ ሲደመሩ ከሩብ በላይ የሆነው ብርሃን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከዚያም ከፊሉ ውስጥ ለውስጥ ተንጸባርቆ ጥቁሩን አመድማ ያደርገዋል። ቴሳር ስድስት ገጽ ብቻ ስለነበረው፣ ርካሽም ስለነበር፣ ዘመኑ የመረጠው እሱን ነው። በ1935 የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅን የሚቀንስ ቅብ ሲያስገኝ ሚዛኑ ተገለበጠ። የፕላናር ቅርጽ ዛሬ በየፎቶ ቤቱ የሚገኘው የአብዛኛው ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አባት ነው። ወረቀት ላይ የነበረው ብልጫ ወደ ፎቶ ለመምጣት አርባ ዓመት ያህል የአንድ ቀጭን ቅብ ጥገኛ ሆኖ ቆየ።

ጥለቱና ድርና ማጉ

ለረጅም ጊዜ ሌንስ የሚፈተነው መስመር በማስቆጠር ነበር። እየቀጠኑ የሚሄዱ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ያሉበት ሰሌዳ ይነሳል፤ ፈታኙ በማጉያ እያየ መስመሮቹ ተለይተው የሚታዩበትን የመጨረሻ ቅጥነት ይመዘግባል። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1951 ያወጣው ባለ ሦስት ሦስት መስመር ሰሌዳ ዛሬም ይሠራበታል። ዘዴው ርካሽ ነው፣ ማንም ይረዳዋል።

ጉድለቱ የሚገባን ነጠላን ስናስብ ነው። አንዱ ሌንስ የሸማውን ድርና ማግ በደካማ ግራጫ ያሳያል፤ የጥለቱን ጠርዝ ግን ለስለስ አድርጎ ያወጣዋል። ሌላው ድርና ማጉን ጨርሶ አይለየውም፤ ጥለቱን ግን በምላጭ እንደተቆረጠ አድርጎ ያሳያል። መስመር ቆጣሪው ለመጀመሪያው ከፍ ያለ ውጤት ይሰጣል። ፎቶው ታትሞ ከክንድ ርቀት ሲታይ ግን ብዙ ሰው ጥርት ያለ ነው የሚለው ሁለተኛውን ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው ሐሳብ ከፊሉ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሚሼል ዱፊዩ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኦቶ ሼድ ደግሞ በአሜሪካው የአርሲኤ ኩባንያ ለቴሌቪዥን ሲሠራ፣ ሌንስን እንደ ድምፅ ማጉያ ማየት ጀመሩ። ድምፅ ማጉያ ለወፍራምና ለቀጭን ድምፅ እኩል ምላሽ እንደማይሰጥ ሁሉ ሌንስም ለወፍራምና ለቀጭን መስመር እኩል ምላሽ አይሰጥም። ዛሬ ኤምቲኤፍ የሚባለው ግራፍ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ በየቅጥነቱ የጥቁርና የነጩ ልዩነት ስንት በመቶው ተጠብቆ እንደሚያልፍ፣ ከምስሉ መሐል እስከ ጥግ። በሚሊሜትር 10 ጥንድ መስመር ላይ ያለው ቁጥር የጥለቱን፣ 30 ወይም 40 ላይ ያለው የድርና ማጉን ነገር ይነግረናል።

ግራፉ ካለፉት መመዘኛዎች ሁሉ የተሻለ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካኖን የሚያወጣው ከንድፉ በኮምፒውተር የተሰላውን ነው፤ ዛይስ ደግሞ በተሠራ ሌንስ ላይ ለክቶ ማውጣትን ልማዱ አድርጎ ቆይቷል። ካኖን 10ና 30 መስመርን ሲያሳይ ዛይስ 10፣ 20ና 40ን ያሳያል። ስለዚህ የሁለት ኩባንያ ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ የተለያየ መስፈሪያ ይዞ እህል እንደመስፈር ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ሌንሱ ምን እንደሚሆን፣ መስመር ይቆለምም እንደሆነ፣ ጥጉ ምን ያህል እንደሚጨልም፣ ፎከሱ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ ግራፉ ምንም አይናገርም።

ከአንድ ፋብሪካ የወጡት እኩል አይደሉም

ስሌትም ሆነ ልኬት የሚናገረው ስለ ሞዴሉ ነው። ገዢው የሚይዘው ግን አንዷን ሌንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2006 የሌንስ ኪራይ ድርጅት የመሠረተው ሮጀር ሲካላ ከአንድ ሞዴል ብዙ ሌንሶችን በኦፕቲክስ መለኪያ እየፈተነ ልዩነቱን በግራፍ ሲያወጣ ቆይቷል። ያሳየው ነገር ግልጽ ነው። ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ሌንሶች የሉም፤ ዙሞች በአብዛኛው ከፕራይሞች (ዙም ከማያደርጉት) የበለጠ ይለያያሉ፤ ውድ መሆንም ለተመሳሳይነት ዋስትና አይሆንም። እንግዲህ አንዲት ሌንስ ብቻ ተፈትና የወጣ ፍርድ፣ በተለይ በሁለት ተቀራራቢ ሞዴሎች መካከል፣ ሞዴሉን ይመዝን ወይስ የዚያችን ሌንስ ዕድል የሚለው ጥያቄ አይለቀውም።

ይህ ነጥብ ለእኛ አገር ገዢ ይበልጥ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዕቃ የሚገዛው ያገለገለ ሆኖ፣ ወይም ከዱባይና ከአሜሪካ በሰው እጅ መጥቶ ነው፤ መመለሻም የለውም። ምርመራው ግን ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ፣ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ሩቅ ያለች አንዲት አምፖል በአራቱም ጥግ በተራ ትነሳለች። አራቱም ጥግ እኩል ከደበዘዘ የሞዴሉ ባሕርይ ነው። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ጭራ ካወጣ ውስጥ ያለ መስታወት ከመስመር ወጥቷል ማለት ነው፤ የወደቀ ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህንን ነው። ከኋላ በባትሪ ሲያበሩበት እንደ ሸረሪት ድር የሚታይ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶው ላይ አይታይም፤ ለእሱ ብሎ ጥሩ ሌንስ መተው አይገባም።

ሳጥን የነበረው ቦዲ

በፊልም ዘመን ቦዲ ብርሃን የማያስገባ ሳጥን ነበር፤ ፊልሙ ከተለወጠ ጥራቱም ይለወጣል። ሰው ቦዲን የሚመርጠው በጥንካሬው፣ በሹተሩና በሚቀበላቸው ሌንሶች ነበር። «መጀመሪያ ሌንስ ግዛ» የሚለው የባለሙያ ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ዲጂታል ሲመጣ ፊልሙ ቦዲው ውስጥ ተበየደ። የኮዳኩ ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው ካሜራ 0.01 ሜጋፒክስል ነበር፤ በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 2.7፣ በ2005 የወጣው ካኖን 5ዲ 12.8፣ በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ800 36.3፣ በ2019 የወጣው ሶኒ ኤ7አር 4 ደግሞ 61 ሜጋፒክስል።

ቁጥሩ በፍጥነት ስላደገ መመዘኛ ሆነ። ጥቅሙ ግን ከቁጥሩ ያነሰ ነው። ከ24 ወደ 61 ሲኬድ በአንድ አቅጣጫ የሚጨመረው ዝርዝር 1.6 እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ኤ4 ወረቀት ላይ በኢንች 300 ነጥብ ለማተም ደግሞ ከ9 ሜጋፒክስል ያነሰ ይበቃል። ብርሃን ራሱም ወሰን አለው። ጠባብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ይበተናል፤ በኤፍ 16 አንዲት ነጥብ ሴንሰሩ ላይ 21 ማይክሮን የሚሆን ክብ ትሠራለች። የባለ 61 ሜጋፒክስሉ ካሜራ አንድ ፒክስል ስፋቱ 3.8 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ነጥቧ ከአምስት ፒክስል በላይ ትሸፍናለች። እዚያ ላይ ምርጡም ሌንስ ተራውም ሌንስ ይቀራረባሉ።

የሴንሰር መጠን ክርክር ከዚህ ይሰፋል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው ሴንሰር ስፋቱ 17.3 በ13 ሚሊሜትር ነው፤ 36 በ24 የሆነው ፉል ፍሬም አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። አንደኛው ወገን «ኤፍ 1.4 የትም ቦታ ኤፍ 1.4 ነው» ይላል። ሌላው ወገን በትንሹ ሴንሰር ላይ ያለ ኤፍ 1.4 በትልቁ ላይ ካለ ኤፍ 2.8 ጋር እኩል ነው ይላል። በትንሹ ላይ ባለ 25 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4ና በትልቁ ላይ ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ብንወስድ ሁለቱም የሚያዩት ስፋት አንድ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በሁለቱም 18 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ የሹተር ፍጥነት የሚሰበስቡት ጠቅላላ ብርሃንም፣ የጀርባው ብዥታም ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ወገን ትክክል የሚሆነው ስለ ብርሃን ቅንብር ሲናገር ነው፤ በብርሃን መለኪያ ላይ ኤፍ 1.4 ያው ኤፍ 1.4 ነው። ስለ ምስሉ ጥራት ከሆነ ግን ማስረጃው ከሁለተኛው ጋር ነው። ብርሃን በቅንጣት ስለሚመጣ 100 ቅንጣት በምትቀበል ፒክስል ላይ መዋዠቁ 10 ነው፣ አሥር በመቶ። 10,000 ስትቀበል 100 ይሆናል፣ አንድ በመቶ። ጨለማ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ የምናየው ነቁጥ በአብዛኛው የዚህ መዋዠቅ ነው።

በሶፍትዌር የተቃና ሌንስ

ከ2008 ጀምሮ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ካሜራዎች የሌንሱን መቆልመም ፎቶው ውስጥ በተቀመጠ መረጃ እንዲቃና አደረጉ። ዛሬ ልማዱ ሰፍቷል። በ2019 የወጣው የካኖን አርኤፍ 24-240 ሳይቃና ሲታይ 24 ሚሊሜትር ላይ ጥጎቹ ጥቁር ናቸው፤ ካሜራው ምስሉን ወጥሮ ነው ሙሉ የሚያደርገው።

የመስታወት ወገን የምላቸው መዛኞች ሌንስ ሳይቃና መታየት አለበት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሌንስና ሶፍትዌር አብረው የተነደፉ ስለሆኑ የሚፈረደው በመጨረሻው ፎቶ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ማቃናቱ ግን በነፃ እንዳልሆነ መነገር አለበት። የተወጠረ ጥግ ዝርዝር ይጎድለዋል። ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) የጨለመ ጥግ ሲበራ ብርሃኑ በአራት ይባዛል፤ ነቁጡም አብሮ ይባዛል። ፍርዱ በቀን ፎቶ ብቻ ከተሰጠ ይህ አይታይም።

የፈተናው ብርሃን የማን ነው?

ዲኤክስኦማርክ የተባለው መዛኝ ድርጅት በ2008 ሴንሰሮችን በአንድ ነጥብ መመዘን ሲጀምር የተነሳው ሙግት ዋና ፍሬው በ2012 ታየ። በዚያ ዓመት ኒኮን ዲ800ና ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ወጡ። በዚሁ ድርጅት ልኬት፣ ከጥቁር እስከ ነጭ የሚይዙት የብርሃን ስፋት ለኒኮኑ 14.4 ስቶፕ፣ ለካኖኑ 11.7 ሆነ። ብዙ የካኖን ተጠቃሚዎች መልሳቸው «ፎቶ በትክክል ከተነሳ ጥላውን ማብራት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚወሰነው ግን ማን፣ የት፣ ምን ለብሶ እንደሚነሳ በማወቅ ነው።

በጥምቀት ቀን በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት አስቡ። ነጩ ሸማ ፀሐዩን ይዞ ያንጸባርቃል፤ ፊቷ ደግሞ በራሱ ብርሃንን በጥቂቱ የሚመልስ ሆኖ ሳለ በነጠላው ጥላ ውስጥ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር፣ ነጩ ሲበዛበት ምስሉን ያጨልማል። ፊቱ ይጠፋል። ፎቶ አንሺው ለፊቷ ቢያበራ የሸማው ድርና ማግ ይነጣና ወረቀት ይመስላል። የሚቀረው ለሸማው አንስቶ በኋላ ፊቱን ማብራት ነው። እዚህ ላይ የ2.7 ስቶፕ ብልጫ ፊቷ ላይ የቆዳ ለስላሳነት ወይም የነቁጥ ሽንትር ሆኖ ይታያል። በ2012 ብዙዎች ከቁጥር የማይቆጥሩት እንከን ለእንዲህ ያለው ፎቶ ዋናው እንከን ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። የካናዳዋ ምሁር ሎርና ሮት በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ» የሚባል የኮዳክ ካርድ ለአሥርት ዓመታት ላዩ ላይ የነጭ ሴት ፎቶ ብቻ እንደነበረበት አሳይታለች። ፊልሙ ለቡናማ ቀለማት እንዲሻሻል ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። የጥቁር ሰው ፊት በፊልም ላይ ዝርዝሩ መጥፋቱ የፊዚክስ ግዴታ ብቻ እንዳልነበረ፣ በፈተናው ላይ ማን እንደቀረበ የወሰነው ነገር እንዳለበት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዛሬ ጥያቄው ወደ ፎከስ ተሻግሯል። አዳዲስ ካሜራዎች ዓይን ፈልገው ፎከስ የሚያደርጉት በብዙ ፎቶ በሠለጠነ ፕሮግራም ነው። በ2018 ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች ስሕተት ለጠቆሩ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ ለነጣ ወንዶች ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ይህ ስለ ካሜራ ፎከስ የተሠራ ጥናት አይደለም፤ ዓይን ማግኘትና ጾታ መለየት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ውጤቱን በቀጥታ ማዛወር ስሕተት ነው። ያው ጥያቄ ለካሜራም መጠየቅ እንዳለበት ግን ያሳያል። የካሜራ መግለጫ ላይ «እስከ ማይነስ 6 ኢቪ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ጨለማ ፎከስ ያደርጋል» ተብሎ ሲጻፍ፣ የካኖን አር5ን የመሰለ መግለጫ በግርጌው ቁጥሩ በኤፍ 1.2 ሌንስና በመሐል ነጥብ የተገኘ መሆኑን ያስታውቃል። የፎከሱ ዒላማ ምን ዓይነት ፊት ቢሆን ምን እንደሚሆን ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

መብራቱም ያው ነው። አገራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገዱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የአዳራሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ የሰከንድ አንድ ሃያኛ የሚፈጅ ካሜራ ሙሽሮቹ ላይ አምስት ያህል ጥቁር ሽንትር ሊጥል ይችላል። በስቱዲዮ ፍላሽ የተፈተነ ካሜራ ይህን አያሳይም።

ለቆዳ ቀለሙ ችግር የቀለም ሰሌዳዎችን ማሻሻል አንዱ የቀረበ መፍትሔ ነው። ከ1976 ጀምሮ የሚሠራበት የማክቤት ሰሌዳ ከ24 ቀለማቱ ለቆዳ የሰጠው ሁለት ነው፤ አንድ የጠቆረ፣ አንድ የነጣ። በ2022 ጉግል ከሃርቫርዱ ኤሊስ መንክ ጋር ያወጣው መለኪያ አሥር ደረጃ አለው። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ሰሌዳ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ የሚነሳውም እኩል በተዳረሰ ብርሃን ነው። ወዝ ያለው ግንባር፣ የነጠላ ጥላ፣ ከታች ከአስፋልት የሚመለስ ብርሃን ሰሌዳ ላይ የሉም። እኔ የምመኘው ፈተና ቀላል ነው፦ በቀትር ፀሐይ ነጠላ የተከናነበ ጠይም ሰው፣ ከድርና ማጉ አንድም ሳይነጣ የተነሳ ፎቶ፣ ከዚያ ፊቱን እስኪበቃ ማብራት፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ሰው በአዳራሽ መብራት እየተራመደ በተከታታይ ማንሳትና ስንቱ ዓይን ፎከስ እንደሆነ መቁጠር። በዚህ ፈተና የካሜራዎቹ ደረጃ በሰሌዳ ከወጣው ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ወይስ ጨርሶ ይገለበጥ እንደሆነ፣ እኔ እስከማውቀው ገና አልተለካም።